እንሶስላ ከመሞቃችሁ በፊት

ክረምት ሲገባ እዚህ ማርቆስ እንሶስላ ይሞቃል፤ እኔም አልቀርም። ግን ቀለሙ በሽታ ይሸፍናልና መጀመሪያ ጥፍራችሁን በደንብ እዩት።

ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ የሚፈረፈር የእግር ጥፍር ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቦቲ ውስጥ የታፈነ እግር ይመቸዋል። ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።

እኔን የሚያሰጋኝ ጥቁሩ መስመር ነው። በእኛ ቆዳ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውም ጉዳት የለውም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ ወይም ዙሪያውን ቆዳ እያጠቆረ ከሄደ ግን ቶሎ ሐኪም ይየው። እ.ኤ.አ. በ1981 ቦብ ማርሌን በ36 ዓመቱ የገደለው ካንሰር የጀመረው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ነው፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። እንሶስላው ለቡሄ ባይደርስ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።