ቤሎ!

የሚኒየኖችን ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ የለም። «ቤሎ!» ሲሉ ግን ሰላምታ መሆኑ ለማንም ይገባል። ሲለያዩ «ፑፓዬ» ይላሉ፤ እሱም ይገባል።

እነዚህን ቢጫ ፍጥረታት መጀመሪያ ያየናቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ዲስፒኬብል ሚ» ፊልም ላይ ነው። ድምፃቸውን የተጫወተው ከዳይሬክተሮቹ አንዱ፣ ፈረንሳዊው ፒየር ኮፋን ነው። እናቱ ኢንዶኔዥያዊቷ ደራሲ ኤንኤች ዲኒ ናት። ሚኒየኖቹ አንዳንዴ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ «ቴሪማ ካሲ» ብለው የሚያመሰግኑት ለዚህ ይመስለኛል። ከስፓኒሹም ከጣሊያንኛውም ቆንጠር እያደረገ፣ ለጆሮ የሚጣፍጠውን ይዟል።

ፒንጉ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ይሄ የስዊዘርላንድ ፔንግዊን፣ ጭራሽ የሚያዝ ቃል እንኳን የለውም። ጣሊያናዊው ካርሎ ቦኖሚ በድምፅ ቅላጼ ብቻ ነው የተጫወተው። መንቁሩን እንደ ጡሩምባ ዘርግቶ «ኑት ኑት!» ሲል ግን «እዚህ ነኝ፣ እዩኝ» ማለቱ አይጠፋንም።

የምሠራው ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩ አይገርመኝም። ሁለት ኮምፒውተሮች በቲሲፒ ከመነጋገራቸው በፊት ሦስት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ፦ «አለህ?» «አለሁ፤ አንተስ?» «አለሁ።» ቁም ነገሩ ገና አልተላከም፤ መስመሩ ግን ተከፍቷል። የኛም «እንዴት ነህ? ደህና? ሁሉ ሰላም?» ያው ነው። የጤና ሪፖርት የሚጠብቅ የለም።

ጀርመን የተወለደው የእህቴ ልጅ አማርኛ ይሰማል፤ መናገር ግን ያፍራል። አንዴ ዘመድ ተሰብስቦ በአነጋገሩ ስቆበታል፤ ለፍቅር ነበር፣ ለሱ ግን ሳቅ ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ «ደህና ነህ?» ስለው ዞሮ እናቱን ያያል። «ቤሎ!» ስለው ግን ስልኩን ከእጇ ይነጥቃታል፦ «ቤሎ፣ አጎቴ!» «አጎቴ» የምትለዋን ማንም አላዘዘውም።

በእኔ ቋንቋ እሱ እንግዳ ነው፣ በእሱ ጀርመንኛ እኔ። በሚኒየን ቋንቋ ግን ሁለታችንም እኩል ነን፤ የሚያርም የለም፣ የሚስቅ ቢኖርም አብሮ ነው የሚስቀው። የዚህ የፈጠራ ሰላምታ ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

«ቤሎ» አማርኛን አይተካም፤ በሩን ግን ይከፍታል። በቀደም ከ«ቤሎ» ቀጥሎ፣ ማንም ሳይነግረው፣ «እንዴት አደርክ?» አለኝ። መሽቶ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» አልኩት።