«ብረት ሸጠን አስተማርንህ፤ ተምረህ ብረት ገዛህ?»

ይህን ያለችኝ እናቴ ናት። በቪዲዮ ስናወራ ልጄ ከኋላዬ ሆኖ «እማማ፣ ያባዬን ጠመንጃ አየሽ?» ብሎ አሳበቀብኝ። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ነገሩ ከረከረኝ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፎርም ሞልቼ፣ ማንነቴ ተጣርቶ፣ አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ገዛሁ። የድሮው የሬሚንግተን ሮሊንግ ብሎክ ቅጂ ናት፤ ያውም ተቀንሳ የተሠራች። ክብደቷ ከሁለት ኪሎ ብዙም አያልፍም። የምትጎርሰው አንዲት የ22 ካሊበር ጥይት ብቻ ነው። መዶሻውን ወደ ኋላ መሳብ፣ መዝጊያውን በአውራ ጣት መገልበጥ፣ ጥይቷን ማጉረስ፣ መዝጋት። አለቀ። ሌላ ለመተኮስ ሁሉንም እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ለምን ገዛኋት? አያቴ ውጅግራ ነበራቸው።

ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙን አገራችን እንደሚመቸው አድርጎ አጠመቀው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ ርዝመቱ 1.30 ሜትር፣ ክብደቱ ከአራት ኪሎ በላይ። እሱም አንድ ጥይት ጎራሽ ነው፤ አድዋ ላይ ስንቱ ይዞት ዘምቷል። ሬሚንግተንም ቢሆን ለኛ እንግዳ አይደለም። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ይዘውት መጥተው ነበር፤ ሲሸነፉ ብዙው በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ቀረ።

የአያቴ ውጅግራ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነው የማውቀው። ጥይቱ ከጠፋ ዘመን የለውም። ቢሆንም ልጅ ከፊቱ አያልፍም ነበር። «አፈሙዝ ወዳጅ የለውም» ይሉን ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ እኔ ከተማ ገብቼ ሁለተኛ ደረጃ ስጀምር፣ አባቴ ለቤት ኪራይና ለደብተር ብሎ ሸጠው። ማን እንደገዛው እስከዛሬ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

እዚህ አገር የውጅግራ ቅጂ ፈልጌ ሳጣ ነው ይቺን ያየሁት። ለአያቴ ማስታወሻ ብዬ የገዛኋት ብረት የት ተሠርታ እንደመጣች ታውቃላችሁ? ጣሊያን! ብሬሻ አጠገብ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የሚባል፣ ለመቶዎች ዓመታት ጠመንጃ ሲሠራበት የኖረ ከተማ አለ። አያቴ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር ብዬ ብቻዬን ስቄያለሁ።

መልካሟን ልንገራችሁ። አንድ ጥይት ብቻ ሲኖርህ ታስባለህ። በሠላሳ ጥይት ካዝና የሚያንጣጣው ጎረቤቴ አስር ጊዜ ሲስት እኔ አንዴ ተንፍሼ፣ አንዴ አነጣጥሬ፣ አንዴ እተኩሳለሁ። የአንዱ ሳጥን ጥይት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይቆየኛል። ትከሻ አትመታም፣ ጆሮ ብዙ አታስጨንቅም (መከላከያ ማድረግ ግን ግዴታ ነው)። ደግሞ ታምራለች፤ ዋልነት ሰደፏ፣ ጥቁር ሰማያዊ አፈሙዟ...

ጉድለቷስ? ለዋጋዋ አስር ጥይት የሚጎርስ ዘመናዊ ጠመንጃ ይገዛል፤ ያውም ተርፎ። ሰደፏ አጭር ስለሆነ ጎልማሳ ሰው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያነጣጥረው። ማነጣጠሪያዋ የመርፌ ቀዳዳ ታህል፣ ሃምሳ ዓመት ለተጠጋ ዓይን ፈተና ናት። ቀላል ስለሆነች ቆመህ ስትተኩስ እንደ ቄጠማ ትወዛወዛለች። ቀለሁንም አታስፈነጥርም፤ በጥፍርህ ነው የምታወጣው።

ትልቁን ጉድለቷን ያወቅሁት ግን ባለፈው ወር ነው።

ልጄ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሲያያት «አባዬ፣ ኪዩት ናት!» አለ። መተኮሻ ቦታ ይዤው ሄድኩ። አምስት ስድስቴ ተኮሰ፣ ደስ አለው። ከዚያ አንዷ ጥይት ከሸፈች። ቃታ ሲስብ «ጠቅ» ብቻ። ልጁ «አባዬ፣ እምቢ አለች» ብሎ ጠመንጃዋን እንደያዘ ወደኔ ዞረ።

አፈሙዟ ሆዴ ላይ ነበር። ጥይቷ ውስጥ ናት።

በእጄ ወደ ኢላማው ገፋሁት፣ ያዝኳት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ፣ መዝጊያውን ገልብጬ አወጣኋት። የከሸፈች ጥይት ዘግይታ ልትፈነዳ ትችላለችና። ምንም አልሆነም። ልጁ ግን ከንፈሩ ነጣ፤ እኔም ጉልበቴ ከዳኝ።

እሱን ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ ማን እንዳጠፋ ገባኝ። ለአንድ ዓመት ሙሉ «ትንሿ»፣ «ቆንጂት» እያልኩ ያወራሁለት እኔ ነኝ። ባለ አራት ኪሎው ውጅግራ ቢሆን እንደዚያ ቀልጠፍ ብሎ አይዞርም ነበር፤ ክብደቱ ራሱ ጠመንጃ መያዙን ያስታውሰዋል። ይቺ ግን መጫወቻ ትመስላለች። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የዚች 2.6 ግራም። ለሆዴ ግን ልዩነት አልነበረውም።

ለካ እኔ የብረቱን መልክ ገዝቼ፣ አያቴ በባዶ ጠመንጃ ያስተማሩኝን ለልጄ ሳልነግረው ቆይቻለሁ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት፦ ምሰሶውን፣ ከፊቱ እንዳናልፍ የተከለከልነውን፣ አባቴ ስለምን እንደሸጠው። «ላንተ ነው የሸጡት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ ቤት እስክንደርስ አልተናገረም።

አልሸጥኳትም። ካዝና ውስጥ ተቆልፋለች፤ ጥይቷ ለብቻ፣ እሷ ለብቻ። ሰሞኑን «መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎኛል። እንሄዳለን። ግን «ቆንጂት» የሚለው ስም ቀርቷል።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ ትንሽነቷ አያታላችሁ። ለእናቴ ደግሞ ገና መልስ የለኝም።

እናንተ ቤትስ ውጅግራ ወይ ምንሽር ነበር? የት ደረሰ? እስቲ አጫውቱኝ።