ዴቭ ቻፔል የሸሸው ሳቅ

ሰው 50 ሚሊዮን ዶላር ጥሎ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ጤነኛ ነው?» የሚል ነው። ዴቭ ቻፔል እ.ኤ.አ. በ2005 የቴሌቪዥን ዝግጅቱን ቀረጻ አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ሲገባም የተወራው ይኸው ነበር። አንዱ ዕፅ ነው አለ፣ ሌላው አእምሮው ተነክቷል አለ።

ቻፔል ያኔ ጀማሪ አልነበረም። ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መድረክ ላይ ቀልድ ማቅረብ የጀመረ ሰው ነው። በ1993 በሜል ብሩክስ የሮቢን ሁድ ፊልም ታየ፤ «ዘ ነቲ ፕሮፌሰር» እና «ኮን ኤር» ተከተሉ። በ1998 ከኒል ብሬናን ጋር የጻፈውን «ሃፍ ቤክድ» በመሪነት ተወነ። በፊልሙ ዓለም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው ቤት እንግዳ ነበር። የራሱን ቤት ያገኘው በጥር 2003 «ቻፔልስ ሾው» በኮሜዲ ሴንትራል ሲጀመር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ የቀረበውን ጭውውት እስቲ አስቡት፦ ዓይነ ስውር የሆነ ጥቁር ሰው፣ ጥቁር መሆኑን ሳያውቅ አድጎ፣ የነጭ ዘረኞች አፈ ቀላጤ ሆኗል። ያስቃል። ግን ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የሰውየው ዓይነ ስውርነት፣ ወርቁ የዘረኝነት ዕውርነት። ሰሙን ብቻ ይዞ የሚስቅ ተመልካች ቢመጣስ?

መጣ። በ2004 በዘፋኙ በሪክ ጄምስ ላይ የሠራው ጭውውት አገሩን ሁሉ አዳረሰ። በዚያው ዓመት ሳክራሜንቶ ውስጥ መድረክ ላይ ሳለ ታዳሚው የጭውውቱን ስድብ እየጮኸ አላናግር አለው። አቋርጦ ወረደ፤ ተመልሶም ዝግጅቱ ሕይወቱን እያበላሸው እንደሆነ ነገራቸው።

ከዚያ ሦስተኛው ዙር ቀረጻ መጣ። ቻፔል ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ድሮ ነጮች በጥቁሮች ለማላገጥ መድረክ ላይ ያደርጉት እንደነበረው፣ አንድን ጥቁር ተሳፋሪ «ዶሮውን እዘዝ» እያለ የሚፈታተን ትንሽ መንፈስ ሆኖ ይጫወታል። ሐሳቡ ንቀቱን ማጋለጥ ነበር። በቀረጻው ቦታ የነበረ አንድ ነጭ ሰው ግን ጮክ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ ሳቀ። ቻፔል በኋላ እንደተናገረው ያ ሳቅ ውስጡን ረበሸው፤ ሰውየው የሳቀው ከእሱ ጋር ይሁን በእሱ ላይ መለየት አቃተው።

በእርግጥ መሄዱን ሳቁ ብቻውን አይገልጸውም። ሥራው ከብዶት ነበር፤ ከገንዘቡ በኋላ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ማመን እንዳቃተውም በ2006 ለኦፕራ ዊንፍሬይ ተናግሯል። ቢሆንም አንድ ኮሜዲያን የሚስቅለት ሰው በዝቶ ሳለ የሳቁን ዓይነት መምረጡ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣቢያውስ? በ2006 የተቀረጸውን ለቃቅሞ እሱ በሌለበት አስተላለፈው፤ ያንን ጭውውት ጨምሮ። ውሉ ይፈቅድለት ነበር። በ2020 ዝግጅቱ በኔትፍሊክስና በሌሎችም ሲታይ ለቻፔል ሳንቲም አልደረሰውም፤ ይህም በውሉ መሠረት ነው። ክስ አልመሠረተም፤ ተመልካቹን «አትዩት» ብሎ ለመነ፣ ኔትፍሊክስም በጥያቄው አወረደው። በየካቲት 2021 መብቱ እንደተመለሰለትና እንደተከፈለው አበሰረ። ወጣት ሳለ የፈረመውን ወረቀት ያስለወጠለት ጠበቃ ሳይሆን ተመልካቹ መሆኑ ደስ ይላል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር። በጥቅምት 2021 ግን ጾታቸውን በቀየሩ ሰዎች ላይ በቀለደው ቀልድ ምክንያት የኔትፍሊክስ ሠራተኞች ተቃውመው ከሥራ ወጡ። ጥያቄያቸው እሱ በ2005 ራሱን ከጠየቀው ብዙ የራቀ አልነበረም፦ ይህ ሳቅ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? በዚህኛው ጊዜ ቻፔል ከመድረኩ አልወረደም።