ለውሁ ትንሽ፣ ኪታቡ ብዙ



በጀመዓችን ቤተ መጻሕፍት ያለችውን አሮጌ ኮምፒውተር የማያውቅ የለም። ሜሞሪዋ 4 ጊጋባይት ነው። የሐዲስ፣ የተፍሲርና የፊቅህ ኪታቦችን ያለ ኢንተርኔት በቃል መፈለግ እንዲቻል የፍለጋ ፕሮግራም ይጫንባት ሲባል መጀመሪያ የተነሳው የገንዘብ ነገር ነበር። የጽሑፉ መጠን ከሜሞሪዋ ስለሚበልጥ "አትችለውም፣ አዲስ ይገዛ" ተባለ። ብሩ ግን የሚወጣው ለተቸገሩ ተማሪዎች በየወሩ ከምናዋጣው ነው። ኮምፒውተር ሲገዛ የአንዲት እህት የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ብር ይጎድላል። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ አማና ነበር ያየሁት።

የፍለጋ ፕሮግራም በተጠየቀ ቁጥር ኪታቡን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። አስቀድሞ እያንዳንዱ ቃል የት የት እንደሚገኝ የሚናገር ማውጫ ያዘጋጃል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍሉገል በ1842፣ በኋላም ግብፃዊው ሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂ ለቁርኣን ቃላት ያዘጋጁት ማውጫ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሜሞሪ የሚበላው ይህን ማውጫ መሥራቱ ነው።

መድረሳ የቀራን ሰዎች መፍትሔውን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ለውህ ትንሽ ናት፤ ቁርኣን በሙሉ አይጻፍባትም። የዕለቱ ይጻፋል፣ ይሐፈዛል፣ ዑስታዙ ያዳምጣል፣ ከዚያ ታጥቦ ሌላ ይጻፋል። ዑስታዙ ሳይሰማ ግን ለውህ አይታጠብም።

እኛ የተጠቀምንበት ሉሲን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዳግ ከቲንግ በ1999 የጻፈው ነው። አሠራሩም እንደ ለውህ ነው። ለማውጫው ሜሞሪ ላይ የተወሰነ ቦታ ይይዛል፤ ካልቀየሩት 16 ሜጋባይት ነው። ቦታው ሲሞላ የተሠራውን ቁራጭ ማውጫ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጥና ሜሞሪውን አጽድቶ ይቀጥላል። ቁራጮቹ ሲበዙ ደግሞ ያዋህዳቸዋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ቃላቱ በፊደል ተራ ስለተደረደሩ ከየቁራጩ መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት እያነበበ ይቀላቅላቸዋል እንጂ ሁሉንም ሜሞሪ ላይ መጫን አያስፈልገውም።

ከዚህ ሌላ የረዱን አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ኪታቡን በሙሉ ከመጫን ይልቅ ገጽ በገጽ እያነበብን አስገባን። ሁለተኛ፣ ገጽ በገባ ቁጥር "አጽድቅ" እያልን አላዘዝንም፤ እንዲያ ቢሆን ብዙ ጥቃቅን ቁራጭ ይፈጠርና ሥራው ይጎተታል። ሦስተኛ፣ ለፕሮግራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ ሰጥተን ቀሪውን ለኮምፒውተሯ ሲስተም ተውነው። ሲስተሙ በቅርብ የተነበቡ የዲስክ ፋይሎችን በትርፍ ሜሞሪ ስለሚይዝ ፍለጋው በዚያ ይፈጥናል። ሁሉንም ለፕሮግራሙ መስጠት ፍጥነት የሚጨምር ቢመስልም ይህን ያሳጣል። አራተኛ፣ ለማውጫው ብቻ ሐረካዎቹ ይነሳሉ፤ አለዚያ አንዱ ቃል በሐረካው ልዩነት አምስት ስድስት ቃል ሆኖ ይመዘገባል። የኪታቡ ጽሑፍ ግን ከነሐረካው እንዳለ ነው፤ አልተነካም።

ከዒሻ በኋላ አስጀመርነው፤ ፈጅር ላይ አልቆ አገኘነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከመዋጮው አንድም ብር አልወጣም።

ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምግብና ውኃ ነው። በሙያችንም አለ። "ማሽኑ አነሰ" ከማለት በፊት ያለው እንዴት እንደተከፋፈለ ማየት የኢንጂነር ወግ ይመስለኛል፤ ብሩ የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ግዴታ ነው።

ኮምፒውተሯ ከዙህር እስከ ዐስር ክፍት ናት፤ ኑና ፈልጉባት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ማውጫ ቃሉ ያለበትን ቦታ ያሳያል እንጂ የሐዲሱን ደረጃም ሆነ ሑክሙን አይናገርም። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ዑስታዞቻችን ሂዱ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።