ከጉና ወደ ጣና፦ ዕረፍቱ የማን ነው?

«ለዕረፍት ሄድን» ሲባል ከቤተሰቡ መካከል በእርግጥ ያረፈው ማን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይህን የጠየቅሁት በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እናቴን ከነፋስ መውጫ ወደ ጣና ደሴቶች ይዤ በወረድሁ ጊዜ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተራራና ገደል የበዛባቸው አገሮች ናቸው። ነፋስ መውጫም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ እንደ ስሟ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። እዚያ ያደገ ልጅ ገብስና ድንች እንጂ ሐይቅና ደሴት አያውቅም። ይሁን እንጂ የአገራችን ተራራ ጉና ከጣና ጋር ዝምድና አለው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ የስማዳው ውኃ ግን ጣናን ሳያይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ በክምር ድንጋይ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርገን ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ፣ የአገራችንን ውኃ ተከትለን መሄዳችን ነበር።

ለዚህ ጉዞ እናቴ ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛችም። ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጨች፤ ዳቦ ጋገረች፤ አገልግሉን ሞላች። ባሕር ዳር ከደረስንም በኋላ አገልግሉ ከእጇ አልወጣም።

በማግስቱ ማለዳ በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ሄድን። ክብራን በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴት አይገባበትም። ባለቤቴና ወንዱ ልጃችን ወደ ላይ ሲወጡ፣ እናቴ፣ እኔና የ7 ዓመቷ ልጄ ከአገልግሉ ጋር ጀልባው ዘንድ ቀረን። ልጄ «እኛስ የት ነው የምንገባው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ሥርዓት አክባሪ ናትና አልተከፋችም፤ «እኛማ ስንቁን እንጠብቃለን፣ ልጄ» አለቻት።

ልቤን የነካው ይህ መልስ ነው። ጥፋቱ የገዳሙ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ጉዞውን ሳቅድ እናቴና ልጄ የት እንደሚገቡ አስቀድሜ አልጠየቅሁም። ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደ ክብራን ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ይቀበላል። በዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እንዲሁ ነው። በደቅ ደሴት የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴንማ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ባለ ጀልባው መጀመሪያ ወደ እንጦስ፣ ከዚያም ወደ ዘጌ ወሰደን። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም፣ በዑራ ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ታሪኮች አንድ በአንድ ለልጄ ተረከችላት።

የባሕር ዳር ምሽት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቤተሰብ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በሐይቁ ዳር መንሸራሸር፣ ታንኳዎች ሲመለሱ ማየት፣ የተጠበሰ ቆሮሶ መብላት። ሁለተኛው የአዝማሪ ቤት ነው፤ መጠጥ ያለበት በመሆኑ የሕፃናት ቦታ አይደለም። በብዙ ቤት በዚህ ሰዓት አባት ይወጣል፤ እናት ልጆች ታስተኛለች። የዚያን ዕለት ግን ባለቤቴ «እናንተ ሂዱ፤ ልጆቹን እኔ አስተኛለሁ» አለን።

እናቴ «ሰው ምን ይለኛል?» እያለች ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። አዝማሪው መሲንቆውን ይዞ ቀረበና አገሯን ጠየቃት። ጋይንት መሆኑን ስትነግረው አገሩን አወደሰላት። ጥቂት ቆይታ እርሷም ግጥም ሰጠችው፦

ወንዙም ሲሮጥ ውሎ አረፈ ከጣና፣
እኔም እፎይ ልበል የመጣሁ ከጉና።

አዝማሪው ተቀብሎ ሲያዜመው ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እናቴ እንዲያ ስትሥቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ እናንተም እንዲህ ያለ ጉዞ ስታስቡ የሚከተለውን ልብ በሉ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ነበርና፣ ከመነሣታችሁ በፊት ሁኔታውን አጣሩ። የደጋ ልጅ ወባን አልለመደም፤ ከአጎበር ሥር ይተኛ። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች ውኃው ውስጥ አይግቡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገድ ያስነሣልና በጀልባ ማለዳ ሂዱ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን አይታችሁ፣ ዋጋም ተነጋግራችሁ ተሳፈሩ። ከሁሉ በፊት ግን ሴቶቹ የት እንደሚገቡ ጠይቁ።

ወደ ነፋስ መውጫ ስንመለስ አገልግሉን የያዘው ወንዱ ልጃችን ነበር። ባዶ ስለ ነበረ አልከበደውም። ለሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ሲሞላም አብሮ እንዲሞላ፣ ሲከብድም እንዲሸከም እናስለምደዋለን።