ማማና ሰገነት

በራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር በየማሳው መሐል ማማ ይተከላል። አራት ባላ፣ በላዩ የተረበረበ እንጨት፣ ለጥላ የሚሆን ቅጠል፤ ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም። ከጎብየ እስከ ዋጃ ያለው ቆላ በመስከረምና በጥቅምት እንዲህ ነው የሚከርመው። የአገሬው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው ዘለላውን ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ ጠባቂው ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜም የሚወጣው ልጅ ነው።

ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው ቦታውን የሚይዘው። ግሪሳ የሚበረታው ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ያርፋል። ልጁ ግን ቀትሩንም አያምነውም። አጠገቡ የድንጋይ ክምር አለ፤ በእጁ ወንጭፍ፣ በጥርሱ ጥንቅሽ። ወንጭፉን አንዴ ሁለቴ ከራሱ በላይ ያዞርና አንዱን ጫፍ ይለቀዋል። ድንጋዩ ቅጠሉን እየቀደደ ሲያልፍ ወፉ ግር ብሎ ይነሣና ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም የጎረቤት ልጅ ይጮኻል። ሲጮኹ ይውላሉ። በድንጋዩ የሚሞት ወፍ እምብዛም ነው። ማታ ቤት ሲገባ “ምን ሠራህ?” ቢሉት የሚያሳየው ነገር የለውም፤ ማሽላው ጠዋት እንደነበረ አለ፣ በቃ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው የዘሪው ምሳሌ ሲነበብ የራያ ገበሬ የሚሰማበት ጆሮ ከሌላው ይለያል ብዬ አምናለሁ። ሰባኪዎች እሾሁንና ጭንጫውን ይወዱታል፤ መልካሙን መሬትማ ከሁሉ አብልጠው። በመንገድ ዳር የወደቀውን ለቅመው የበሉትን ወፎች ቶሎ ያልፏቸዋል። ጌታ ግን ምሳሌውን ራሱ ሲፈታው ወፎቹ የማን ሥራ እንደሆኑ ተናግሯል፤ መጥቶ የሚነጥቀው ክፉው ነው። ግሪሳ አንድ ማለዳ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ይሁንና ስለዚህ ክፉና ስለ መንፈሳዊ ውጊያ ቆቦ ላይ ቆሞ መናገር ይከብዳል። በሌላ ከተማ ሰባኪው ጦርና ጋሻ ሲያነሣ ምእመኑ ምሳሌ መሆኑን አውቆ ይሰማል። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦር ገባባት፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2014 ውጊያው ዳግም ሲቀሰቀስም እሳቱ የነደደው እዚያው አካባቢ ነበር። ልጇን ቀብራ የመጣች እናት በተቀመጠችበት ጉባኤ ስለ ጠላት የሚናገር ሰው አፉን ሊጠብቅ ይገባዋል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የምትጋደሉት ከሰው ጋር አይደለም የሚለውን ምክር የጻፈው ታስሮ ነው። ጠባቂዎቹ ደጁ ላይ ነበሩ። ጣቱን ወደ እነሱ ቢቀስር ማን ይፈርድበት ነበር?

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የገዛ ልቡን መጠበቅ ያልለመደ ሰው በሕዝብ ላይ ሲሾም፣ ርኩስ መንፈስ ፍለጋ ይወጣና ጎረቤቱን ያገኛል። ራያ አዛኑና ደወሉ፣ አማርኛውና ትግርኛው አንድ ገበያ ላይ የሚሰማበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ያልተፈተነ መሪ በአንድ ስብከት የሚያቃጥለውን ሽማግሌዎች በስንት ዓመት እርቅ አይመልሱትም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ አዲስ ያመነ ሰው አይሾም ብሎ ሲያስጠነቅቅ ምክንያቱንም ነግሮታል፤ በትዕቢት ተነፍቶ ዲያብሎስ በወደቀበት እንዳይወድቅ ነው።

ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከሹመት በፊት መፈተን እንደሚያስፈልግ ያውቃል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሐይቅ የመጡት በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ረድእ ሆነው ካገለገሉ በኋላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በተራቸው በእሳቸው እግር ሥር ዓመታት ተቀመጡ። የረድእ ሥራ የሚታወቅ ነው፦ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ለሽማግሌ መታዘዝ፣ ሌሊት ለጸሎት መነሣት። የሐይቅ አበምኔቶች ዓቃቤ ሰዓት ተብለው በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ጋር መቆጠር የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ የሚለምነው የቆሎ ተማሪም ዜማውንና ቅኔውን ብቻ አይደለም የሚማረው። ስድብን ውጦ ማለፍ የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም። የዛሬን አጫጭር የመሪነት ሥልጠና አልጠላም፤ የሚጠቅምም አለበት። ግን ሰው ሳያየው መቆምን በሦስት ቀን ማን ያስተምራል?

ዳዊት የሚደግም ልጅ 150ውን ጨርሶ 151ኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ከወንድሞቹ ሁሉ ያነሰ እረኛ ነው። ሳሙኤል በወንድሞቹ መካከል ቀብቶት ሄደ። ከዚያስ? ሳኦል መልእክተኛ ልኮ ሲያስጠራው ልጁ አሁንም በጎች ዘንድ ነው። እሴይ ቤት ውስጥ “አንተማ ተቀብተሃል፣ በጎቹን ሌላ ይጠብቅ” ያለው የለም። አንበሳውና ድቡ የመጡትም በዚያው መስክ ነው፤ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሳኦል ፊት ቆሞ እስኪናገረው ድረስ የሰማም ያለ አይመስልም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው ሰገነት ላይ እናገኘዋለን። ነገሥታት ለጦርነት በሚወጡበት ወራት የጦር አለቃውን ኢዮአብን ልኮ እሱ ኢየሩሳሌም ቀርቷል። ወደ ማታ ከአልጋው ተነሥቶ ይንጎራደዳል። እንደ ማማው ልጅ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፤ የሚጠብቀው ነገር ግን የለውም። በግ ከአንበሳ አፍ ያስጣለው እጅ ከሰገነቱ የታየችው ሴት ባል የነበረውን የኦርዮን ሞት በደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውንም ኦርዮ ራሱ ተሸክሞት ሄደ። ነቢዩ ናታን ሊገሥጸው ሲመጣ ስለ ሕግ አላወራውም። ስለ አንዲት በግ ነው የነገረው። ንጉሡ በቁጣ ተነሣ፤ የድሮው እረኛ ገና አልሞተም ነበር።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ሰው ይሄድብኛል። ዳዊት ለወንድሞቹ ስንቅ ይዞ ወደ ጦሩ ሰፈር በሄደበት ማለዳ በጎቹን ለአንድ ጠባቂ ትቷቸው ነበር፤ መጽሐፉ በግማሽ መስመር ያልፈዋል። ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ተቆጥቶ ያፋጠጠውም በእነዚሁ በጎች ነው። ዳዊት “ምን አደረግሁ?” ብሎት ዞረ፤ ስለ በጎቹ ግን አልመለሰም። ጎልያድ ሲወድቅና ሠራዊቱ ሲጮኽ ያ ጠባቂ ቤተ ልሔም መስክ ላይ ነበር። ስሙ አልተጻፈም። ልጁ ማታ ይመለሳል ብሎ ሳይሆን አይቀርም የተረከባቸው። ሳኦል ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊት ወደ አባቱ ቤት እንዲመለስ አልፈቀደም። ሰውዬው በጎቹን ስንት ዓመት ጠበቃቸው ይሆን?