ስለ ሣር ማጨጃ መኪና

ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ፥ በመቀሌ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው በማጭድ ከማጎንበስ ይልቅ መኪና ለመግዛት ያስባል። እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ የሣር ማጨጃን መኪና በ1830 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አወጣ፤ ዛሬ ግን ሰው ተቀምጦበት፥ ባለበት ቆሞ የሚዞር ተገኝቷል። የኋላ መንኰራኵሮቹ ለየብቻ ኃይል ስላላቸው፥ ግራውን ወደ ፊት ቀኙን ወደ ኋላ ቢሉት እንደ እንዝርት ይሾራል። ዛፍ ለበዛበት ግቢ ይህ እጅግ ያመቻል።

ነገር ግን የፊት መንኰራኵሮቹ ወዳሻቸው የሚዞሩ ናቸውና፥ የኋላው በቁልቁለት ላይ ከተንሸራተተ መኪናውን የሚመልሰው የለም። ስለቱም ድንጋይ ሲያገኝ እንደ ወንጭፍ ይወረውራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ድንጋዩን መልቀም፥ ሕፃናቱንም ማራቅ ይገባል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ አየሩ ስስ ነውና ሞተሩ ከኃይሉ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ገዥው ይህን አስቦ ይምረጥ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። መኪናው ሣሩን ይከታትፈዋል፤ ማጭድ ግን ለከብት የሚሆን ሸክም ያወጣል። በትግራይ ከግጦሽ በተከለሉት ተራሮች ሣሩ በማጭድ እየታጨደ ለከብት የሚወሰደው ስለዚህ ነው። ግቢውን አጭዶ ሣሩን በድካሙ ዋጋ የሚወስድ ድኻ ጎረቤት ካለ፥ መኪናው በገባ ቀን ላሙ ምን ትበላለች? ባለቤቱ ሜዳውን ለመኪናው ሰጥቶ፥ ተዳፋቱንና የአጥሩን ሥር ለባለ ማጭዱ ቢተውለት ግን የላሚቱ ድርሻ አይቀርም።